ተራው የእሷ ነበር

ሰኞ 3

መደርደሪያውን ዛሬም አዙራዋለች። ጨው በነበረበት ስኳር፣ ስኳር በነበረበት ሩዝ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። የተከራዮቹ ሻይ ውስጥ ጨው ልጨምር ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ወንድሜ ክፍል ያከራያል፣ እኔ ለተከራዮቹ ምግብ እሠራለሁ፣ እማዬ ጓዳ አልጋዋ ላይ ሆና ትመርቀናለች፤ እንዲህ ሆነን ስንት ዘመን በሰላም ኖረናል። ሊያገባ ነው ሲሉኝ እሰየው ብዬ ነበር። ያመጣው ግን ሚስት ሳይሆን እመቤት ነው። እዚህ ደብተር ላይም እመቤቲቱ እላታለሁ። ስሟን ልጻፍ ብል እጄ አይታዘዘኝም።

ከመደርደሪያው ጠብ ወዲህ አንነጋገርም። እኔ የምፈልገውን ለወንድሜ እነግረዋለሁ፣ እሱ ለእሷ ያደርሳል፤ መልሷን ተቀብሎ ለእኔ ያመጣል። ይህን የሚያህል ቤት የሚያስተዳድር ሰውዬ የሁለት ሴት ፖስተኛ ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን እንኳ ቆጣ ብሎ «በቃችሁ!» ቢል ምን ነበረበት? ወንድ ነኝ ይላል ደግሞ።

ረቡዕ 5

የፍሪዘሩ መሳቢያ አልከፈት አለ። ውስጡ በሙሉ በረዶ ጋግሯል። ድሮ ብቻዬን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ እመልስ ነበር፤ አማካሪም ታዛቢም አላስፈለገኝም። አሁን ቤቱ ባለ ሁለት አዛዥ ሆኗልና ወንድሜ ስብሰባ ጠራ። የእማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፈረደ። እኔ ምግቡን አወጣለሁ፣ ፍሪዘሩን አጥባለሁ። እመቤቲቱ ታደርቀዋለች፣ ሶኬቱን ትሰካለች፣ ሲቀዘቅዝ ምግቡን ትመልሳለች።

«እንዲህ ከሆነ አትገናኙም፤ ካልተገናኛችሁ አትጣሉም፤» አለ። በፍርዱ ኮርቶ ፈገግ ሁሉ ብሏል።

እማዬ ከትራሷ ቀና ብላ «አብራችሁ ብታደርጉት አይቀልም ነበር?» አለች። 

ቅዳሜ 8

እመቤቲቱ ዛሬም ቁርስ ላይ አልታየችም። ሥጋ ሲቀቀል አፍንጫዋን ይዛ ከኩሽና ትወጣለች፤ ሽንኩርት ሲጠበስ ትወጣለች፤ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ትቆያለች፣ ድምጿ እንዳይሰማ መሆኑ ነው። ሥራ ለጠላ ሰው በሽታ አይጠፋም። ጡረተኛው ተከራያችን ሳይቀር ሻዩን እያማሰለ «የወንድምሽ ባለቤት ፊቷ ገርጥቷል። እንኳን ደስ ያላችሁ ልበል ወይስ ልጠብቅ?» አለኝ። ፊት በመገርጣት ምን ደስ እንደሚል እሱ ያውቃል። ሰው ሲያረጅ ወሬው ይደባለቅበታል።

ወንድሜ ማታ ብርቱካን በፌስታል ተሸክሞ ገባ። ለእሷ ነው። ለእኔ በዚህ ቤት ብርቱካን የተገዛልኝ በልጅነቴ ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ ነው።

እሑድ 9

አወጣሁ። አጠብኩ። በረዶው በፈላ ውሃ እንኳ አልለቅ ብሎ ወገቤ ተቆረጠ። ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ። የእኔ ድርሻ እዚህ ላይ አለቀ።

እሑድ ማታ

አድርቃዋለች፣ ሰክታዋለችም፤ ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ምግቡን ግን አልመለሰችም። በእኔና በእነሱ ክፍል መሀል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ «ዛሬ አልቻልኩም፣ ራሴን እያዞረኝ ነው። እትዬ ትመልስልኝ በላት፤ ነገ የእሷን ሥራ እኔ እሠራለሁ፤» ስትለው ሰማሁ። «እሺ፣ እነግራታለሁ፤» አለ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የቴሌቪዥኑን ኳስ ነው። ከዚያ ማንኮራፋት። በሬን ያንኳኳ የለም።

እንግዲህ ማንም ምንም አልነገረኝም። በግድግዳ የመጣ ነገር ተነገረ አይባልም። ፖስተኛው እግሩን አንስቶ ይምጣ፤ ያኔ አስብበታለሁ። ተራው የእሷ ነው፤ እማዬ ፊት የተፈረደ ነገር ነው።

ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ነበር። ኩሽናው ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም። ውሃዬን ጠጣሁ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ ተመልሼ ተኛሁ።

ሰኞ 10

ቀልጧል። ሁሉም። ወለሉ ውሃና ደም። በኋላ እጽፋለሁ።

ሰኞ ማታ

አሁን ገና ተቀመጥኩ። እጄ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል።

ጠዋት ኩሽና ስገባ ከጠረጴዛው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ፌስታሎቹ አልቧቸው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ አተሩ ከረጢቱ ውስጥ ለስልሷል፣ የተፈጨው ሥጋ ጣት ያሰጥማል፣ ዓሣውማ መኖሩን ራሱ እየተናገረ ነበር። ይሄ ሁሉ የተከራዮቹ የወር ቀለብ ነው። ወንድሜን ጠራሁት። እሷም ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ከኋላው መጣች። ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች፣ ግራ የገባት መስላ ግድግዳውን ደገፍ አለች። አስመሳይ።

«እንዴት አደረ ይሄ?» አለ ወንድሜ።

«ተራው የማን ነበር?» አልኩት።

አፉን ከፈተ። ትናንት እነግራታለሁ ብሎ የተኛበት ነገር ትዝ ሲለው ፊቱ ላይ አየሁት። መልሶ ዘጋው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባሁ። እኔ ሥጋን በእጄ ዳሰስ አድርጌ የማውቅ ሰው ነኝ። ዳቦው ምንም አይሆንም፣ ወደ ምድጃ። አትክልቱ ገና ቀዝቃዛ ነበር፣ ተቀቅሎ ለምሳ። ትልቁ የበሬ ታፋ ክምሩ መሀል ስለነበር ቢላ ስሰካበት ጫፉ በረዶ ላይ ቆመ፤ ቆራርጬ ወዲያው ድስት ውስጥ ከተትኩት። ዓሣውንና የተፈጨውን ሥጋ ሁሉም እያየኝ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው፤ የሚጣለውን ከማይጣለው መለየቴ ይታወቅልኝ ብዬ ነው።

የቀሩት ዶሮዎቹ ናቸው። ላያቸው ለስልሷል፣ ሆዳቸው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አቁረዋል። ይህን ጊዜ እመቤቲቱ ከመደርደሪያው ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገረችኝ።

«እትዬ፣ ዶሮዎቹም ይጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ውስጥ ነው ያደሩት። መቀቀል ሁሉን አያጠፋውም፤ የሚተርፍ መርዝ አለ።»

«ማን ነገረሽ?» አልኳት ሳላስበው።

«ስልኬ ላይ አንብቤ ነው። ደግሞ ይሸታሉ።»

ስልኳ! በሕይወቷ ዶሮ ገንጥላ የማታውቅ ሴት ስለ ዶሮ ስልኳ ይመሰክርላታል። ሽታውንማ ተዉት፤ ለእሷ ሳሙናም ይሸታታል። ወንድሜ እኔንና እሷን ተራ በተራ አየ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለና «ለተከራይ ባይቀርብ ነው የሚሻለው፤ ይጣል በቃ፤» ብሎ ሾልኮ ወጣ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ የደከመው ይመስል።

አልጣልኳቸውም። በጨውና በሆምጣጤ አሸሁ፣ በሎሚ አሸሁ፣ አጥንቱ እስኪለቅ ቀቀልኩ። ለተከራይ አላቀረብኩም፤ የተባልኩትን አክብሬያለሁ። ሾርባ አድርጌ አንዱን ሳህን ራሴ በላሁ፣ አንዱን ለእማዬ ወሰድኩ። ረቡዕ ምሳ ላይ፣ ሁሉም በተቀመጡበት፣ «ያ ይጣል ያላችሁት ዶሮ እኔንና እማዬን ይኸው እንዲህ አድርጎናል» እላለሁ። የእመቤቲቱን ፊት ያኔ ማየት ነው።

እማዬ አንዴ ቀመሰችና ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው?» አልኳት። «ምንም፤» አለች። ጥርግ አድርጋ በላችው፤ ሳህኑን አዘንብላ አሳየችኝ። የእኔን እጅ የሚያውቅ አፍ እንዲህ ነው። እመቤቲቱ ደግሞ ለወጉ ያህል አንድ ኩባያ እርጎ ይዛ ገባች፤ ያንንም ቀመስ አድርጋላታለች።

ማክሰኞ 11

ሰላም ነው። ሆዴ ትንሽ ይጮኻል፤ ንዴት ነው። ጡረተኛው «ቤቱ ዛሬም ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፤ መስታወት እየተወለወለ ነው?» አለ። ሥራ የፈታ አፍንጫ በዛብኝ።

ማክሰኞ ማታ

እማዬን አስመለሳት። ብርድ ነው። መስኮቱን ከፍቶ የተወው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ደግሞ አስመለሳት።

ረቡዕ 12

ክሊኒክ ነን። ከንፈሯ ደርቋል። ግሉኮስ ሰክተውላታል።

ረቡዕ ማታ

አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አሁን እንቅልፍ ወስዷታል።

ዶክተሩ ልጅ ነው፣ ጢሙ እንኳ ገና አሳቡን አልጨረሰም። «እናት ምን በልተው ነበር?» አለ። ወንድሜ ካርድ ሊያወጣ ወረፋ ላይ ነበር። እኔና እመቤቲቱ ብቻ ነን የቆምነው።

«እርጎ፤» አልኩ። «የወንድሜ ሚስት ናት የሰጠቻት።»

ውሸት አይደለም። እርጎ በልታለች፣ የሰጠቻትም እሷ ናት። ሌላስ ምን በሉ ብሎ መጠየቅ የእሱ ሥራ ነው፤ ለዚህ አይደል የተማረው? እመቤቲቱ ዞር ብላ አየችኝ። ዶክተሩ ሲወጣ ግን ተከትላው ወጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር «ዶሮ» ስትል ሰማኋት፣ «ሌሊቱን ውጭ ያደረ» ስትል ሰማኋት። ማን ቀቅሎ እንደሰጣት አልተናገረችም። ተመልሶ መጣ፣ መድኃኒቱን ለወጠ፣ ለማንም ምንም አላለም። አንገት ደፊ አገር አጥፊ። ስታንሾካሹክ እንኳ የደግ ሰው መልክ ትይዛለች።

እኔስ በልቼ የለም እንዴ? እኔ ለምን አልታመምኩም? ይሄን የሚያስረዳኝ የለም።

ወንድሜ ካርዱን ይዞ መጣና «ምንድነው አሉ?» አለ።

«ምግብ ነው። እርጎው፤» አልኩት።

ሚስቱን አያት። እሷ ወለሉን አየች።

ሐሙስ 13

ልብስ ልቀይር ቤት ደርሼ መጣሁ። ለተከራዮቹ ምሳ የሠራችው እመቤቲቱ ናት፣ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ። ሩዙ ተቃጥሏል። ጡረተኛውን «እንዴት ነበር?» አልኩት፤ ለመስማት ያህል። «ደህና ነበር። ግማሹ ሰው አስተረፈ እንጂ። አንቺ ስትኖሪ ማንም አያስተርፍም፤» አለኝ። ይኸው! የማያውቅ ሰው እንኳ ይመሰክራል። ከዚያ ቀጠል አድርጎ «እሷ ግን ስላስተረፍን አልተከፋችም፤ እየሳቀች ነው ያነሳችው፤» አለ። ምን ያስቃታል? ሩዝ አቃጥላ።

ዓርብ 14

ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሌሊት እማዬ እኔን የሞተችው እህቷ አድርጋ በስሟ እየጠራች አወራችኝ። ውሃ ቀድተሽ ነይ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ፈርቻለሁ። ለማንም አልናገረውም፤ እዚህ ግን ይጻፍ።

እመቤቲቱ ከአልጋው ግርጌ አትጠፋም። ባልዲ ትደፋለች፣ ራሷን ሲያዞራት ትቀመጣለች፣ ወጣ ብላ አስመልሳ ትመጣለች፣ ደግሞ ባልዲ ትደፋለች። እንዲህ ሆዷ የማይችል ሰው ቤቷ አትቀመጥም? ለመታየት ነው እንዳልል የሚያያት የለም፤ ወንድሜ ከረቡዕ ጀምሮ አያናግራትም። ነርሷ «እህት፣ አንቺም ዕረፍት ያስፈልግሻል፤ ለራስሽ ብቻ አይደለም፤» አለቻት። ለራስሽ ብቻ አይደለም! ለማን ነው ታዲያ፣ ለእኛ አስባ? ነርሶቹም ያሞላቅቋታል።

እሑድ 16

ትኩሳቱ ወረደ። ተመስገን። ስሜን ጠርታ «ቤት መቼ ነው?» አለችኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፤ ከድካም ነው።

እሑድ ማታ

ዛሬ ቤት ማደሬ ነው፣ ወንድሜ ተክቶኛል፤ ሊሄድ ሲል ግን ከእሷ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ። ያ ግድግዳ መቼም ምንም አያስቀርም።

«እርጎውን ከየት ነው ያመጣሽው? መቼ የተከፈተ ነው?»

«እትዬን ጠይቃት።»

«እሷን ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?»

«ሌላ ምን በላች ብለህ።»

«እኔ እትዬን እንዲህ ያለ ነገር አልጠይቃትም። አንቺ አታውቂያትም፤» አለ።

«አውቃታለሁ። ለዚህ ነው ራሷ ትናገር የምለው። እኔ ብናገር በዚህ ቤት መቀመጥ አንችልም፣ ወይ እኔ ወይ እሷ።»

አታውቂያትም ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ጅብ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ይህን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት፤ አፍንጫውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። አሁን አድጎ አንዲት ጥያቄ ሊጠይቀኝ ወኔ አጣ። የሴት ቀሚስ ይዞ የሚዞር ወንድ እንዲህ ነው።

ደግሞስ ምን አጥፍቼ ነው የሚጠይቀኝ? ያን ሌሊት ኩሽና ውስጥ ያየሁት ነገር የለም። ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ብርድ ልብሱ በአንድ ጎን ተንሸራቶ የዶሮዎቹ ፌስታል ወጣ ብሎ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አላየሁም።

ማክሰኞ 18

እማዬ ቤት ገባች። ግማሽ ሆናለች። ወንድሜ አቅፎ ሲያስገባት እንደ ትራስ ቀለለችው።

ሐሙስ 20

ወንድሜ ኩሽና በር ላይ ቆሞ፣ የበሩን እጀታ እያሸ፣ «እትዬ፣ ቅዳሜ እናቷ ጋ ትሄዳለች። እማዬ እስክትጠነክር። ለሁሉም ይሻላል፤» አለኝ። «እንደ ወደዳችሁ፤» አልኩት። ምን ልል ኖሯል? አትሂድ ልበል?

ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም። ሻንጣው ትልቁ ነው የወረደው።

መደርደሪያውን ወደ ቦታው መለስኩ። ጨው በጨው ቦታ፣ ስኳር በስኳር ቦታ። ከዚያ ሻይ ሳፈላ ስኳሩን እሷ ባስቀመጠችበት ፈልጌ አጣሁት። ልማድ ክፉ ነው። ኩሽናው ተመልሶ የእኔ ብቻ ሆነ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወገቤን ስላመመኝ ነው ደስ ያላለኝ።

ዓርብ 21፣ ማታ

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ካልተነበበ ይቅር።

ለእማዬ ራቷን ወሰድኩላት፤ ድንች ፈጭቼ፣ ወተት ጨምሬ። እየተቻኮለች በላች። ሳህኑን አዘነበለችና «ጨረስኩ፣ አየሽ?» አለች። ጎበዝ አልኳት። ከዚያኛው ክፍል ሻንጣ ሲዘጋ ተሰማ።

«የት ነው የምትሰዷት?» አለችኝ።

«እናቷ ጋ።»

«በምን ጥፋት?»

«በእርጎው ነዋ፣ እማዬ። ልትገድልሽ አልነበር እንዴ?»

እማዬ ሳቀች። ድምፅ እንኳ የለውም ሳቋ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤» አለች። «እርጎውስ ደህና ነበር። ሾርባው ነው። ገና ከአፌ ሳይደርስ ሸትቶኛል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «ታዲያ ከሸተተሽ ለምን በላሽው? አልፈልግም አይባልም? አፍ የለሽም?» ጮህኩባት መሰለኝ።

«ይኸው፤» አለች። «ፈርቼሽ ነዋ።»

«እማዬ፣ እኔ ምን አድርጌሽ አውቃለሁ? እጄን አንስቼብሽ አውቃለሁ?»

«እጅሽማ የተባረከ ነው። ያጥበኛል፣ ያጎርሰኛል። ፊትሽ ነው። አንድ ማንኪያ ካስተረፍኩ ሁለት ቀን ታኮርፊኛለሽ። ሳህኑን ታስቀምጪና ሳታይኝ ትወጫለሽ። አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ሁለት ቀን ረጅም ነው፣ ልጄ። ወንድምሽም ያው ነው። አንቺን ከመጠየቅ ሚስቱን መስደድ ቀለለው። ያውም ልጅ በሆዷ ይዛ።»

«የምን ልጅ?»

«ሁሉም ያውቃል። አንቺን ግን ማን ደፍሮ ይንገርሽ?»

እማዬ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ተኛ ሰው ሆና፣ «ነገ አንቺ ትናገሪያለሽ ወይስ እኔ ልናገር?» አለች።

ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። ይኸው ኩሽና ተቀምጫለሁ። ስንት ዓመት ባዶ ሳህን ሰብስቤያለሁ። እኔ ጣፍጧቸው ይመስለኝ ነበር፤ የእማዬም፣ የወንድሜም፣ የተከራዮቹም። አንድም ቀን ሌላ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም። አፈርኩ። ሌላ ቃል ብፈልግለትም አላገኘሁም፤ አፈርኩ።

ቅዳሜ 22

መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር። ወንድሜ ሻንጣውን ተሸክሞ ሲያልፍ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩበት። እንዲህ ያለ ነገር መናገር ማስመለስ ነው የሚመስለው፤ ስድብ ቢሆን ኖሮ ይቀናኝ ነበር።

«ዶሮዎቹን አልጣልኳቸውም፤» አልኩት።

«ምን?»

«ቀቅዬ ለእማዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እርጎው ምንም አላደረገም። ያን ሌሊትም ምግቡ ውጭ መሆኑን አይቻለሁ። እያየሁት መብራት አጥፍቼ ተኛሁ።»

ሻንጣውን አስቀመጠና ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲሰድበኝ ፈልጌም ነበር። እሱ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ «ጠርጥሬ ነበር፤» አለ። «ጠርጥሬ ዝም አልኩ።» ይህን ያለው ለእኔ አይመስለኝም።

እሷ በሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር። «እትዬ፤» አለች ቀስ ብላ። «ያን ሌሊት እኔም እንደምንም ብዬ ልመልሰው ተነስቼ ነበር። የኩሽናው መብራት በርቶ አየሁ። አንቺ እያስገባሽልኝ መስሎኝ እግዜር ይስጣት ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።»

አንድ ክፉ ቃል ብትጨምርበት ይሻለኝ ነበር። አልጨመረችም። የመኪናው ሹፌር ጥሩንባ ነፋ፤ ወንድሜ ወጥቶ አሰናበተው። እሷ ሻንጣውን ልታነሳ ጎንበስ ስትል «ተዪው!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች፣ እጇን ሰበሰበች። ያን ድንጋጤ ሌላ ቀን ቢሆን አላየውም ነበር። ድምፄን ቀነስ አድርጌ «ተዪው፤ እኔ እወስደዋለሁ፤» አልኳት። ክፍላቸው ድረስ ወሰድኩት። ከባድ ነበር፤ ለአንድ ሳምንት የተዘጋጀ ሻንጣ አይደለም።

ሰኞ 24

ጠዋት ለእማዬ አጃ በወተት ሠራሁ። ማር ጨመርኩበት፣ በቀስታ አማሰልኩት፣ አንድ እብጠት አልነበረበትም። በዚህ ሰፈር ከዚህ የተሻለ የሚሠራ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። የወንድሜ ሚስት እንኳ ኩሽና ገብታ አፍንጫዋን ሳትይዝ ወጥታለች።

እማዬ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ቆም አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን ምን እንደማደርገው ስላላወቅኩ መስኮቱን አየሁ።

«ዛሬ አላማረኝም፤» አለች። «ውሰጂው።»

«እሺ፤» አልኩ።

ሳህኑን ኩሽና አስቀመጥኩ። ተመልሼ መጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።